ኖዱ ከሊስቱ ወጣ፤ ሜሞሪው መቼ ይለቀቅ?

ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነሽ፤ ልትመረቂ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮግራመርነት ኢንተርቪው ገባሽ። ጠያቂው «ብዙ ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የፕሮግራም ሥራዎች) የሚጋሩት ሊንክድ ሊስት፣ ማለትም እያንዳንዱ ኖድ የቀጣዩን አድራሻ የሚይዝበት ሰንሰለት አለ። አንዱን ኖድ አጥፍተሽ ሜሞሪውን እንዴት ትለቂያለሽ?» አለሽ። «ሎክ (አንዱ ሲይዘው ሌላው የሚጠብቅበት ቁልፍ) እይዛለሁ፣ ኖዱን አወጣለሁ፣ ሜሞሪውን ፍሪ አደርጋለሁ (እለቃለሁ)፣ ሎኩን እለቃለሁ» ብለሽ መለስሽ። «አድራሻውን ቀድሞ የያዘ ትሬድ ቢኖርስ?» ሲልሽ ግን ቃል ከአፍሽ ጠፋ። አሁን «ሙያው ለእኔ አይሆንም መሰለኝ፣ ወደ ዌብ ልዙር?» እያልሽ ነው።

በዚህ ምክንያት ከሆነ አትዙሪ። የመለስሽው መልስ ግማሹ ትክክል ነው። የቀረሽን ግማሽ ደግሞ ብዙ ሰው የሚማረው ሥራ ከገባ በኋላ፣ ያውም ማሽን እየወደቀበት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኖድ ማጥፋት አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ሁለት ሥራ ነው። መጀመሪያ ከሊስቱ ትነቅይዋለሽ፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ፈላጊ አያገኘውም። ቀጥሎ ሜሞሪውን ትለቂያለሽ። ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ቤት ልታፈርሺ በሩን ብትቆልፊ አዲስ ሰው አይገባም። ቀድሞ የገባው ግን ገና ውስጥ ነው። ጣሪያውን ከማውረድሽ በፊት እሱ መውጣቱን በምን ታውቂያለሽ? ጠያቂው የፈለገው ይህን ነበር።

ሎክ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ። አንባቢውም፣ ማለትም ሊስቱን የሚያነበው ትሬድ፣ ያንኑ ሎክ ይዞ ከገባ፣ ሥራውን ሎኩን ሳይለቅ ከጨረሰ፣ አድራሻውንም ሌላ ቦታ አስቀምጦ ካልወጣ፣ ያንቺ መልስ ልክ ነው። እነዚህን ሦስት ሁኔታዎች ብትጠሪ ኖሮ ኢንተርቪው ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝምታ አይመጣም ነበር።

ቀጥሎ ሰው የሚጠራው ሪፈረንስ ካውንት፣ ማለትም ኖዱን ስንት እንደያዙት የሚቆጥር ቁጥር ነው። ኖዱን የያዘ ሁሉ ቁጥሩን በ1 ይጨምራል፣ ሲጨርስ ይቀንሳል፣ ወደ 0 ያወረደው ይለቀዋል። እዚህ ላይ ቆም በይ፤ ብዙ ጎበዝ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ወረቀት አውጪና ሁለት ዓምድ ሥሪ። በግራ በኩል ትሬድ ሀ የኖዱን አድራሻ ከሊስቱ አነበበ። ቁጥሩን ገና አልጨመረም። በቀኝ በኩል ትሬድ ለ ኖዱን ነቀለው፣ ቁጥሩን ከ1 ወደ 0 አወረደው፣ ሜሞሪውን ለቀቀ። አሁን ትሬድ ሀ ተመልሶ ቁጥሩን ይጨምራል። የት ላይ? የሌላ ሰው በሆነ ሜሞሪ ላይ። ቆጣሪው ያለው ኖዱ ውስጥ ነውና፣ ኖዱ መኖሩን ሳታረጋግጪ ቆጣሪውን መንካት አትችዪም። ስለዚህ በማንበብና በመጨመር መካከል ያለችውን ቅጽበት የሚጠብቅ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር ሎክ ሊሆን ይችላል። ከታች የማስረዳሽ አርሲዩ የተባለው ዘዴም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቁጥሩ 0 ካልሆነ ብቻ የሚጨምር ኦፕሬሽን አብሮት ይመጣል።

ቆጠራ ራሱ ሲሳሳት ምን እንደሚያስከትል ማየት ከፈለግሽ፣ በ2016 መጀመሪያ በፈረንጆቹ ይፋ የሆነውን የሊኑክስ ኪይሪንግ (የምስጢር ቁልፎች ማስቀመጫ) የደኅንነት ክፍተት አንብቢ። አንድ ፕሮግራም ቀድሞ የያዘውን ኪይሪንግ እንደገና ሲጠይቅ፣ ኮዱ ቁጥሩን ጨምሮ መቀነሱን ይረሳ ነበር። አንድ መስመር ናት የጎደለችው። ቆጣሪው 32 ቢት ስለነበረ፣ ጥያቄውን ከ4 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የደጋገመ ሰው ቁጥሩን አዙሮ ወደ 0 ያመጣዋል። ኪይሪንጉ በሥራ ላይ እያለ ይለቀቃል፤ ተራ ተጠቃሚ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ሩት፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ መሆን ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ በ2017፣ በሊኑክስ 4.11፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ የቆጣሪ ዓይነት መጣ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ አይዞርም፤ እዚያው ይቆማል። ያ ሜሞሪ መቼም አይለቀቅም፣ ይባክናል። በእጅ ያለ ነገር ከመለቀቁ ግን ይህ በጣም ይሻላል።

አርሲዩን በደንብ እንድትይዢው እፈልጋለሁ። ወደ ሊኑክስ የገባው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2002፣ በ2.5.43 ሲሆን ዛሬ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሌለበት ክፍል ጥቂት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንባቢው ሎክ አይዝም። ሲጀምር «ጀመርኩ»፣ ሲጨርስ «ጨረስኩ» ይላል፤ በመካከሉ አይተኛም፣ ማለትም ሌላ ነገር ልጠብቅ ብሎ አይቆምም። ጸሐፊው፣ ማለትም ሊስቱን የሚቀይረው ትሬድ፣ ኖዱን ይነቅላል፤ ከዚያ በፊት የጀመሩ አንባቢዎች በሙሉ እስኪጨርሱ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይለቃል። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ግሬስ ፒሪየድ ይባላል። በኋላ የመጡ አንባቢዎችን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የተነቀለውን ኖድ ከየት አምጥተው ያገኙታል?

ጸሐፊው እንዴት ያውቃል? በቀላሉ አሠራሩ፣ አንባቢው ንባቡን ሳይጨርስ ሲፒዩውን አይለቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲፒዩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ከተቀያየረ፣ የድሮዎቹ አንባቢዎች ሁሉ ወጥተዋል ማለት ነው። ማንንም ሳትቆጥሪ የሁሉንም መውጣት ታውቂያለሽ። እኔ ይህን መጀመሪያ የገባኝ ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም፤ ዛሬም ሳስረዳው ደስ ይለኛል።

መጠበቅ ሁለት መንገድ አለው። ሲንክሮናይዝ አርሲዩ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለሚተኛ ኢንተራፕት (ሃርድዌር ሥራ አቋርጦ የሚጠራው ኮድ) ውስጥ ወይም ስፒንሎክ (ሳይተኙ የሚጠብቁት ሎክ) ይዘሽ አትጠሪውም። ኮል አርሲዩ ደግሞ «ጊዜው ሲደርስ ይህን ፈንክሽን ጥሪልኝ» ብሎ ይሄዳል። የሁለተኛው ወጥመድ ሞጁል፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጫንና የሚወጣ የኮድ ክፍል ነው። ሞጁልሽ ከከርነሉ ሲወጣ ገና ያልተጠራ ፈንክሽን ካለ፣ የሚጠራው ኮድ ራሱ ከሜሞሪ ጠፍቷል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት፣ የተቀጠሩት ጥሪዎች እስኪያልቁ የሚጠብቀው አርሲዩ ባሪየር ያስፈልጋል። ይህቺን አንድ ነገር ኢንተርቪው ላይ ብትጠቅሺ፣ ጠያቂው የምር እንደሠራሽበት ይገባዋል።

ከራሴ ልጨምርልሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ድራይቨር (ሃርድዌር የሚያንቀሳቅስ ኮድ) መዋቅር ሜሞሪ ለቀቅኩ፤ ታይመር ገና ተሞልቶ እየጠበቀ ነበር። ሊስቱን አጽድቼ፣ ቆጣሪውን ፈትሼ ነበር፤ ታይመሩ አድራሻውን እንደያዘ አላሰብኩም። ማሽኑ የወደቀው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ያውም ከእኔ ኮድ ጋር ምንም በማይገናኝ ቦታ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሌላ ሰው ኮድ ሲጠረጠር ነበር። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ «ማን ይዞታል?» ስትዪ ትሬዶችን ብቻ አትቁጠሪ። ታይመር፣ ወርክኪው (ለኋላ የተቀጠረ ሥራ ወረፋ)፣ ኢንተራፕት ሃንድለር፣ ሃርድዌሩ ራሱ በዲኤምኤ (ያለ ሲፒዩ በቀጥታ ሜሞሪ ሲነካ)፣ ሁሉም አድራሻ ይይዛሉ።

አሁን ምን ትሠሪያለሽ? ቨርቹዋል ማሽን ላይ ካሳን የበራበት ከርነል ገንቢ። ካሳን የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ። ከዚያ ትንሽ ሞጁል ጻፊ፤ አንድ ሊስት፣ ጥቂት አንባቢ ትሬዶች፣ አንድ አጥፊ። መጀመሪያ ሆን ብለሽ ያለጊዜው ልቀቂ። ሪፖርቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ይነግርሻል፤ ሜሞሪው የት እንደተነካ፣ የት እንደተመደበ፣ የት እንደተለቀቀ። ሦስቱን አያይዘሽ ታሪኩን በራስሽ ቃል ጻፊ። ከዚያ በአርሲዩ አስተካክዪው። የተበላሸውንም የተስተካከለውንም ኮድ፣ ከነሪፖርቱና ከነማብራሪያው፣ ጊት ላይ አስቀምጪ። የሥራ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ የከርነሉን የጊት ታሪክ «ዩዝ አፍተር ፍሪ» (ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም) በሚለው ቃል ፈልጊ። ማብቂያ የለውም። በቀን አንድ ፓች (የእርማት ኮድ) ክፈቺና ማብራሪያውን ከማንበብሽ በፊት ስህተቱን ራስሽ ለማግኘት ሞክሪ። አንድ ወር ከዘለቅሽ የስህተቶቹ ዓይነት ጥቂት እንደሆነ ታያለሽ።

ራስት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብማር ይህ ሁሉ ይቀርልኛል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ብትማሪው ጥሩ ነው፤ ከ6.1 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል፤ ብዙ ስህተት ኮምፓይለሩ ላይ ያስቀርልሻል። ሎክ የሌለው መዋቅር ስትሠሪ ግን «አንባቢው ወጥቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚያም ይጠብቅሻል።

ሁለተኛ ኢንተርቪው በሚቀጥለው ሳምንት ካለሽ፣ በሰባት ቀን እንደ ሜሞሪ ባሪየር (የሜሞሪ ንባብና ጽሑፍን ቅደም ተከተል ማስጠበቂያ) ያለ ከባድ ነገር ልማር አትበዪ። ያንኑ የሊስት ጥያቄ ውሰጂና ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። ማን ሊደርስበት ይችላል? እንዴት ከአዲስ መጪ እዘጋዋለሁ? ቀድሞ የያዘው መውጣቱን በምን አውቃለሁ? የት ነው መተኛት የማልችለው? በዚህ ቅደም ተከተል። የማታውቂው ቦታ ላይ ስትደርሺ ዝም አትበዪ፤ «እዚህ ላይ አንባቢው ገና ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ኖዱን ከመለቀቅ የሚጠብቅልኝን ነገር እየፈለግኩ ነው» በዪ። የመጀመሪያውን የካሳን ሪፖርትሽን ስታገኚ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።