መልስ፦ ኮምፒውተር ላይ የሚያምረው ገጼ ስልክ ላይ ለምን ደቀቀ?

ሰላም ወንድሜ፣ ጽሑፉ ስልክ ላይ በጣት ካልተለጠጠ አይነበብም ካልክ፣ የቪውፖርት ሜታ ታግ (ገጹ በምን ስፋት እንደሚታይ ለብራውዘሩ የሚነግር የኮድ መስመር) አላስገባህም ማለት ነው። እሱ ከሌለ የስልኩ ብራውዘር ገጹን 980 ፒክስል ገደማ አድርጎ ይዘረጋውና ጨምቆ ስክሪኑ ውስጥ ያስገባዋል። የገጹ ስፋት ከመሣሪያው ስፋት እኩል እንዲሆን የሚያዘውን ይህን መስመር ሄድ (የገጹ ኮድ የመጀመሪያ ክፍል) ውስጥ ጨምር። ሳጥኖችህን በ1200 ፒክስል ቋሚ ስፋት ከሠራሃቸው ግን ወደ ጎን መንሸራተቱ አይቀርልህም፤ በቋሚው ፈንታ ማክስ ዊድዝ (ከዚያ እንዳይሰፋ፣ መጥበብ ግን እንዲችል) አድርገው።

ለስልክ ሌላ ድረ ገጽ ልሥራ ወይ ላልከው፣ በፍጹም! ዋጋ በአንዱ ቀይረህ በሌላው ትረሳለህ። የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ኤታን ማርኮት በ2010 እ.ኤ.አ. «ሪስፖንሲቭ» ያለው አሠራር (አንዱ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት አቀማመጡን ሲቀይር) ይበቃሃል። መጀመሪያ ለጠባቡ ስክሪን በአንድ ዓምድ ሥራው፣ ከዚያ ስፋት ሲገኝ በሚዲያ ኩዌሪ (ስክሪኑ የወሰንከው ስፋት ላይ ሲደርስ ብቻ የሚሠራ ኮድ) ዓምድ ጨምር። አቀማመጡ የሚቀየርበትን ስፋት በስልክ ሞዴል አትወስን (ሞዴሉ በየዓመቱ ይለዋወጣል)። የብራውዘሩን መስኮት ቀስ እያልክ አስፋውና አቀማመጡ መበላሸት የሚጀምርበትን ስፋት ያዝ።

ገጽህ አማርኛ ስለሆነ ሌላም ጣጣ አለ። ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፤ «ስለሚያስፈልጋችሁ» ጠባብ ቁልፍ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ለቁልፎች ቋሚ ስፋት አትስጥ። የግዕዝ ፎንት ከ300 በላይ ምልክቶች ስለሚይዝ ፋይሉ ይከብዳል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ከነውፍረቱ ሁሉ አትጫን፣ መደበኛውና ደማቁ ይበቃሉ።

የትዕዛዝ ፎርሙም ፊደል ከ16 ፒክስል እንዳያንስ፤ ካነሰ አይፎን ላይ የሚጻፍበት ሳጥን ሲነካ ገጹ በራሱ ይጎላል። እንቢ ካለህ ሲኤስኤሱን (የገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ) እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።