ከፍዬ የጨረስሁት ብድር ለምን ያስከለክለኛል?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ሱቄ ተዘርፎ ስለነበር ከአንድ አበዳሪ ተቋም የወሰድሁትን ብድር ለወራት መክፈል አልቻልሁም፤ በኋላ ግን ከነወለዱ ከፍዬ ጨርሻለሁ። አሁን ሱቁን ለማስፋት ሌላ ባንክ ብጠይቅ ‹‹ስምሽ ብሔራዊ ባንክ ላይ አለ›› ተባልሁ። የቤት ካርታ በዋስትና ማቅረብ እችላለሁ፤ እቁብም አጓድዬ አላውቅም። መዝገቡ የሚለው ምንድን ነው? እንዴትስ ይስተካከላል?
ጠያቂ፣ ከደሴ

መልስ፦ እኅታችን፣ በመጀመሪያ ስምዎ በመዝገቡ ላይ መገኘቱ በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ይወቁ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ማዕከል ውስጥ አንድም ቀን ሳያዛንፉ የከፈሉ ተበዳሪዎችም ስም ይገኛል። ስለዚህ ባንኩን መጠየቅ ያለብዎት ከስምዎ ጎን የተጻፈውን ነው፤ ብድሩ ዛሬም እንዳልተከፈለ ሆኖ ተመዝግቦ ይሆን? ወይስ ተዘግቶ ሳለ ቀድሞ መዘግየቱ ብቻ ነው የሚታየው? የሁለቱ መፍትሔ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ማዕከሉ መረጃውን የሚያገኘው ከባንኮችና ከማይክሮፋይናንስ ተቋማት ነው። እነሱ የብድሩን መጠን፣ ቀሪውን ዕዳና የአከፋፈሉን ሁኔታ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ሥር ያስተላልፋሉ፤ አዲስ ብድር ሲጠይቁ ደግሞ አበዳሪው ይህንኑ መረጃ አውጥቶ ይመለከታል። ስሕተት ካለ መታረም የሚጀምረው መረጃውን ካስተላለፈው ተቋም በመሆኑ ቀድሞ ወደ አበደረዎት ቅርንጫፍ ሄደው ዕዳው መጠናቀቁን የሚገልጽ ክሊራንስ ይቀበሉ፤ መዘጋቱንም ለማዕከሉ እንዲያሳውቁ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የማመልከቻዎን ቅጂም ተቀባዩ ፈርሞበት ይያዙ። ቅርንጫፉ ካልመለሰልዎ ጉዳዩን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይቻላል። በዚህ አጋጣሚ የስም አጻጻፍንም ማየት ይገባል። በወሎ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ እየተባለ የሚጻፍ ስም ብዙ ስለሆነ በመለያ ቁጥሩ፣ በመታወቂያውና በብድር ውሉ ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ።

መዝገቡ ትክክል ሆኖ መዘግየትዎን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግን የሚታረም ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ማስረዳት ነው። ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር በባንክ አሠራር ከተበላሸ ብድር ስለሚቆጠር ሰነዱን ያየ የብድር ባለሙያ መጠንቀቁ አያስወቅሰውም። ሆኖም ሰነዱ የዘገየውን ጊዜ እንጂ ሱቅዎ መዘረፉን አይነግረውም። በዚያ ዓመት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሱቁና መጋዘኑ የተዘረፈበት ነጋዴ ብዙ ነው፤ በቸልታ ያልከፈለና በዘረፋ ምክንያት መክፈል ያቃተው ሰው በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም ብለን አጥብቀን እናምናለን። ይህን ልዩነት ለማሳየት በወቅቱ ለቀበሌ፣ ለፖሊስ ወይም ለንግድ ጽሕፈት ቤት ያስመዘገቡት የጉዳት ማስረጃ ካለ፣ መክፈል የቀጠሉበትን ቀን ከሚያሳዩ ደረሰኞችና ከቅርብ ጊዜ የሽያጭ መዝገብዎ ጋር አያይዘው ከማመልከቻው ጋር ያቅርቡ። በቃል የተነገረ ምክንያት ከባለሙያው ጠረጴዛ አልፎ ለብድር ኮሚቴው ላይደርስ ይችላልና በጽሑፍ ይሁን።

የቤት ካርታው ይረዳዎታል፤ የአከፋፈል ታሪክን ግን አይተካም። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ቢችሉም፣ ሐራጅ ጊዜና ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ የሚመርጡት በየወሩ የሚከፍል ደንበኛ ነው። እቁብን በተመለከተ፣ ዳኛውና አባላቱ የሚመሰክሩልዎት ታማኝነት ትልቅ ነገር ቢሆንም በማዕከሉ አይመዘገብም፤ የሱቅ ዱቤም እንዲሁ።

‹‹ስም እናጸዳለን›› እያሉ ገንዘብ ለሚጠይቁ ደላሎች ምንም አይክፈሉ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎንና የመታወቂያዎን ቅጂም አይስጧቸው። ክሊራንሱን ከያዙና የቀድሞው አበዳሪ የብድሩን መዘጋት ለማዕከሉ ማሳወቁን ካረጋገጡ በኋላ፣ አዲሱ ባንክ መረጃውን እንደገና እንዲያወጣ ጠይቀው ማመልከቻዎን ያስገቡ።