ሲፒዩ ኦቨርክሎክ ለጀማሪዎች፦ ጠይቁኝ

እሺ፣ ሰሞኑን ብዙ ሰው ስለ ኦቨርክሎክ (ሲፒዩውን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ቺፕ፣ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) ስለጠየቀኝ አንድ ላይ ልመልስ። የኔ ማሽን ራይዘን 5 3600 (የኤኤምዲ ሲፒዩ) ነው፣ ከ3 ዓመት በላይ ስነካካው ቆይቻለሁ።

ጥ፦ ኮር አይ5 10400 አለኝ፣ ይሆናል?
መ፦ አይሆንም ወንድሜ። ኢንቴል ላይ መጨረሻው ኬ ያለበት (10600ኬ ምናምን) ሆኖ ቦርዱም (ማዘርቦርዱ) እንደ ዜድ490 ያለ ሲሆን ነው። ራይዘን አብዛኛው ለኦቨርክሎክ ክፍት ነው፣ ቦርዱ ግን ኤ320 ከሆነ እርሳው፣ ቢ450 ይበቃል።

ጥ፦ ይቃጠላል ወይ?
መ፦ ሲግል እኮ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከባሰም ጥርቅም ብሎ ይጠፋል። በቀስታ የሚገድለው ቮልቴጅ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ማባዣውን (መሠረታዊው ፍጥነት የሚባዛበትን ቁጥር) ብቻ ከፍ አድርጌ ቮልቴጁን አውቶ ላይ ተውኩት፣ ቦርዱ በራሱ 1.42 ቮልት ሰጥቶት ሙቀቱ 93 ዲግሪ ሲገባ ገመዱን ነቅዬ ቁጭ አልኩ። አውቶ ላይ አትተዉት! ለዚህ ቺፕ እኔ ከ1.3 አላልፍም።

ጥ፦ ከየት ልጀምር?
መ፦ ምንም ሳትነካ ሲኒቤንችን (ሲፒዩውን አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም) 10 ደቂቃ አስኪደውና ሙቀቱን በኤችደብሊውኢንፎ (ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም) እይ፣ 85 ከደረሰ እዛው አቁም፣ ፔስቱን (በሲፒዩውና በኩለሩ መሀል የሚቀባውን) ቀይር ወይ ደህና ኩለር ግዛ። ከዛ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት የቦርዱ ሴቲንግ) ግባ፣ መሠረቱ 100 ሜጋኸርዝ ነው፣ በ40 ሲባዛ 4 ጊጋ ማለት ነው፣ አንድ ደረጃ ጨምር፣ ፈትን፣ ደግሞ ጨምር። ተቸኩሎ 44 ላይ መዝለል የለም።

ጥ፦ አድርጌው ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ፣ ምን ላድርግ?
መ፦ አይዞሽ፣ አልሞተም። አጥፊው፣ ገመዱን ንቀይ፣ ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥተሽ 5 ደቂቃ ቆይተሽ መልሺያት፣ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ጥ፦ የአዲስ አበባ ከፍታ ለውጥ ያመጣል?
መ፦ ያመጣል! 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፣ አቧራችን ሲጨመርበትማ ተዉት። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ቁጥር እንዳለ አትገልብጡ።

ጥ፦ መብራት ቢጠፋ ሴቲንጉ ይጠፋል?
መ፦ አይጠፋም።

ጥ፦ ጌም ላይ ስንት ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታይ የምስል ብዛት) ይጨምርልኛል?
መ፦ ጂፒዩህ (የግራፊክስ ቺፕህ) ደካማ ከሆነ ምንም። ራምህም አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ሁለተኛዋን ሰካ፣ ከኦቨርክሎኩ በላይ ልዩነቱ ይታይሃል።