የታሸገ የዶሮ ቤትና የደጋው ውርጭ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ባለፈው ዓመት በቄብነት የገዛኋቸው 14 የቦቫንስ ዶሮዎች አሉኝ። ጥቅምት ሲገባ ውርጩ እንዳይፈጃቸው ብዬ የቤታቸውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ መረግሁት፤ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትንም በማዳበሪያና በላስቲክ ወተፍሁት። ማታ ማታ በምድጃ ፍም አስገባላቸዋለሁ። ብርዱ ግን አለቀቃቸውም፤ ያስነጥሳቸዋል፣ ዐይናቸው ያነባል፣ አንዳንዶቹም ጨፍነው ይውላሉ። በቀን 10 እና 11 እንቁላል ይሰጡኝ የነበሩት አሁን ከ5 አያልፉም። የሞተ የለም። የባሰባቸውን ሁለቱን ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ሳሳድራቸው ተሽሏቸዋል። ለሌሎቹ ምን መድኃኒት ልስጣቸው? ቤታቸውንስ ከዚህ በላይ እንዴት ላሙቀው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የረዳኝ በመጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጉት ነገር ነው፤ ወደ ቤት ያስገቧቸው ሁለቱ ዶሮዎች ያለ አንዳች መድኃኒት ተሽሏቸዋል። እርስዎ ይህን የሙቀት ሥራ አድርገው እንደተረዱት ከጥያቄዎ ይታወቃል። እኔ የገመትሁት ሌላ ነው። የሰው ቤት በሩ በየጊዜው ይከፈታል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ ጭስ የሚወጣበት ክፍተትም አያጣም፤ የዶሮዎቹ ቤት ግን በጥቅምት እንደታሸገ ነው። ሁለቱ ዶሮዎች ያገኙት ንጹሕ አየር ነው፤ በታሸገው ቤት የቀሩት 12ቱ ደግሞ ከገዛ ኩሳቸው በሚነሣው አሞኒያ በተባለ ጋዝ እየታፈኑ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር የማያንስ ውሃ ትጠጣለች፤ የ14ቱ ሲደመር ወደ 3 ሊትር ይጠጋል። ከዚህ ወደ እንቁላሉ የሚገባው ጥቂቱ ሲሆን የቀረው በኩስና በትንፋሽ ተመልሶ ይወጣል። በታሸገ ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ እርጥበት መሄጃ ስለማያገኝ ሌሊት ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆንና መልሶ በዶሮዎቹ ጀርባና በጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። ኩሱ ሲረጥብ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያ ያወጣሉ፤ ዶሮዎቹን ያሙቅልኝ ብለው የሚያስገቡት ፍም ደግሞ የእነዚህን ባክቴሪያዎች ሥራ ያፋጥነዋል። ጋዙ አስቀድሞ ዐይንን ያቃጥላል፤ ቀጥሎም በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አቧራና ተሐዋስያንን ጠርገው የሚያስወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳል፤ ማስነጠሱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ዐይኗን ጨፍና የምትውል ዶሮ በቂ መኖ ስለማትበላ እንቁላሏም ይቀንሳል።

ግምቴ ልክ መሆኑን በነገው ማለዳ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ዶሮዎቹ ሳይወጡ፣ በሩን ከፍተው ወዲያው በርከክ ይበሉና ፊትዎን በእነርሱ ቁመት ልክ አድርገው ጥቂት ይተንፍሱ። ዐይንዎን ከቆጠቆጠዎት ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ውስጥ አድረዋል ማለት ነው። ቆመው ብቻ ቢያሸቱ ላይታወቅዎ ይችላል፤ አፍንጫም በየቀኑ የሚያሸተውን ይለምደዋል። ከዚያ ከቆጡ ሥር አንድ ጭብጥ ጉዝጓዝ አንሥተው ይጨብጡ፤ እጅዎን ሲከፍቱ እንደ ቂጣ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ርጥበቱ በዝቷል፤ ሲለቁት ከተበታተነ ደኅና ነው። ቀና ብለው ቆርቆሮውንም ይመልከቱ። ቆርቆሮው ካላበው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

ብርዱ ራሱ ይህን ያህል አይጎዳቸውም ወይ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የአካባቢው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀላል እንዳልሆነ አልክድም፤ ሜዳውን አመዳይ አልብሶት ያድራል። ነገር ግን ያደገችና ላባዋ የተሟላ ዶሮ፣ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ስለሆነና ላባዋን ነፋ አድርጋ በመካከሉ አየር ስለምትይዝ፣ ደረቅ እስከሆነች ድረስ ውርጭን ትችለዋለች። ደረቅ ጋቢ የለበሰ ሰውና በካፊያ የራሰ ጋቢ የለበሰ ሰው እኩል አይበርዳቸውም፤ ዶሮም እንደዚያው ናት። የብርሃን ማነስ ነው እንዳንል ደግሞ የእኛ ቀን በታኅሣሥና በሰኔ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ቀኑ በጣም በሚያጥርበት በአውሮፓ እንደሚሆነው እንቁላልን በግማሽ አይቀንስም።

እንግዲህ መፍትሔው መድኃኒትም ተጨማሪ ሙቀትም አያስፈልገውም፤ የወተፉትን ከፊሉን መንቀል ነው። ሁሉንም አላልሁም፤ ከቆጡ በታች ያለውን የግድግዳ ክፍል መምረግዎ ትክክል ስለሆነ እንዳለ ይቆይ፤ ዶሮዎቹን ነፋስ እንዳይመታቸው የሚጠብቃቸው እርሱ ነው። የሚነቅሉት ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ቦታ ያለውን ማዳበሪያና ላስቲክ ብቻ ነው። በሁለት ትይዩ ጎኖች፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከፍታው አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት በግድግዳው ርዝመት ልክ ይተዉ፤ ነፋሱ በሚበረታበት በኩል ግን ግማሽ ስንዝር ይበቃል፤ የትኛው ጎን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት፤ ሽቦ ካላገኙ ቀጫጭን እንጨት አቀራርበው ይምቱበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ የምልዎ፣ ክፍተቱ ቆጡ ላይ ከሰፈሩት ዶሮዎች አናት በላይ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ እርጥቡ አየር በላያቸው አልፎ ይውጣ እንጂ ነፋሱ በጀርባቸው እንዳይመጣ። ቤቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ጣሪያውን ከማንሣት ቆጡን ማውረድ ይቀላል። ቆጡ ክብ ቀጭን እንጨት ከሆነም አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጠፍጣፋ እንጨት ይለውጡት፤ ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በደረቷ ላባ ሸፍና ታድራለች።

ቀጥሎ የረጠበውን ጉዝጓዝ ጠርገው ያውጡና ፀሐይ ሞቅ ባለችበት ቀን ወለሉ እስኪደርቅ በሩን ከፍተው ያውሉት። ከዚያ ደረቅ የገብስ ገለባ ወይም የስንዴ ጭድ አንድ ስንዝር ግድም ያህል አድርገው ይጎዝጉዙ። የሌሊቱ ኩስ የሚከማችበት ቦታ ከቆጡ ሥር ስለሆነ፣ ትርፍ ማዳበሪያዎን እዚያ አንጥፈው ማለዳ ማለዳ ጠቅልለው ቢያወጡት የርጥበቱን ብዙ ክፍል አስወገዱ ማለት ነው፤ ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ኩሱንም ከጉድፍ ጋር አብላልተው ለድንችና ለጎመን ማሳዎ ይጠቀሙበት። ውሃ በቤቱ ውስጥ አያሳድሩ፤ ስለሚደፋ ርጥበት ይጨምራል፤ በጨለማም አይጠጡትም። ጠዋት ግን በረዶ ያልሠራ፣ ለብ ያለ ውሃ ፈጥነው ያቅርቡላቸው። ማታ ወደ ቆጥ ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ፍሬ ገብስ ወይም በቆሎ ቢበትኑላቸው ሌሊቱን ሲፈጩት ከውስጥ ይሞቃሉ፤ ከምድጃው ፍም ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ ነው።

ስለ አመድ ልጨምር፤ ብዙ ሰዎች ሽታውን ያጠፋል ብለው በረጠበ ኩስ ላይ አመድ ይነሰንሳሉ። አመድ በኩሱ ውስጥ የታመቀውን አሞኒያ ይበልጥ ወደ አየር እንዲወጣ ያደርገዋል። ዶሮዎቹ እንዲንከባለሉበትና ቅማላቸውን እንዲያራግፉበት ከሆነ በሳጥን አድርገው ከአሸዋ ጋር በአንድ ጥግ ያስቀምጡላቸው፤ ጉዝጓዙ ላይ ግን አይበትኑት።

አሁን ሳልቆጣዎት የማላልፈው ነገር አለ። ብርድ በገባ ቁጥር የዶሮ ቤትን እንደ ጎታ ማሸግና ፍም ማስገባት በደጋው አገር ሁሉ የማየው ልማድ ነው፤ በደግነት እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ጉዳቱ ግን ከብርዱ ይብሳል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በታሸገ ቤት ውስጥ ዶሮንም ሰውንም ሳያስነቃ ይገድላል። ስለዚህ ምድጃውን ከዶሮዎቹ ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ምናልባት ለልጆቹ ብለው የሚያሳድሩት ከሆነ፣ ከመኝታ ክፍልዎም ከመተኛትዎ በፊት ያውጡት። ከሱቅ የተገዛ የሰው ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጦ ማጠጣትም እንዲሁ ይቅርብዎ፤ ጋዝ ያቆሰለውን ዐይን አያድንም፣ የእንቁላሉንም ደኅንነት ያበላሻል።

ክፍተቱን ከከፈቱና ጉዝጓዙን ከለወጡ ማስነጠሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊቀንስ ይገባል፤ እንቁላሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈልግ በእርሱ አይቸኩሉ። የአንዷ ፊት አብጦ ከአፍንጫዋ የሚከረፋ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝና ድንገተኛ ሞት ካዩ ነገሩ ሌላ ነውና በዚያው ቀን ለቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ፤ ተቅማጡ፣ የአንገቱ መጠምዘዝና ድንገተኛው ሞት የፈንግል ምልክቶች ናቸው። የፈንግል ክትባታቸው ጊዜው ካለፈ፣ ቢሾፍቱ የሚመረተውን የዐይን ጠብታ ካገገሙ በኋላ ያስከትቧቸው።

ቤትዎ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ዶሮዎች እዚያ አያቆዩአቸው፤ ኩሳቸው ወለል ላይ በሚድሁ ልጆች እጅ አድርጎ ወደ አፍ ይገባና የተቅማጥ በሽታ ያመጣል። ጉዝጓዙን በለወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ማታ ከጨለመ በኋላ፣ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ሰፍረው ሳለ በመካከላቸው ቀስ ብለው ያስቀምጧቸው፤ በቀን ቢመልሷቸው እንደ እንግዳ ቆጥረው ይነክሷቸዋል።