«አንድ መምህር ለ25 ተማሪ» ስለተባሉት

እህቴ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለው ኮሌጅ «አንድ መምህር ለ25 ተማሪ ነው» እንዳለዎትና ልጅዎን ላስመዝግብ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ግን እነማን ተቆጠሩ የሚለው ነው። 500 ተማሪና 20 መምህር ካለ ሲካፈል 25 ይመጣል። ከ20ዎቹ 12ቱ አንድ ኮርስ ብቻ ሰጥተው የሚሄዱ የትርፍ ሰዓት መምህራን ቢሆኑስ? ቋሚው በሳምንት 12 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) የሚያስተምር ከሆነ፣ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብቻ የሚሰጠው የትርፍ ሰዓት መምህር እንደ ሩብ ሰው ይቆጠራል። 12ቱ ተደምረው 3፣ ከ8ቱ ቋሚዎች ጋር 11 ይሆናሉ። አሁን ለአንድ መምህር 45 ተማሪ ደረሰ።

ይህን የምለው ራሴ ለዓመታት በትርፍ ሰዓት ስላስተማርኩ ነው። ክፍሉ እንዳለቀ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል፤ እኔ ደግሞ ወደ ስድስት ኪሎ ታክሲ ለመያዝ እሮጣለሁ። ቢሮ የሚባል አልነበረኝም። እነዚያ ልጆች ዛሬም ከአእምሮዬ አይጠፉም።

ስለዚህ ዲኑን በልጅዎ ትምህርት ክፍል ብቻ ስንት ቋሚ መምህር እንዳለ፣ ከነማዕረጋቸው ይጠይቁ። የኮሌጁ አጠቃላይ ቁጥር ብዙ አይነግርዎትም፤ አካውንቲንግ ሞልቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ባዶ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች በመውጫ ፈተና ስንቶቹ እንዳለፉም ይጠይቁ፤ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ ነው። የፕሮግራሙን ዕውቅና ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ። ከተቻለ ከሰዓት በኋላ ሄደው መምህራኑ ቢሮ መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ።