ከቁፋሮ በፊት የጎረቤትን ግድግዳ እዩ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ደወለልኝና «ጋሼ፣ የጎረቤትን ቤት ፎቶ ማንሳት የኛ ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ነው አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

1998 ዓ.ም. ነው፣ ገርጂ። ቤዝመንት ያለው ጂ ፕላስ 4 ልንሠራ ነው፤ እኔ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት እናት ይኖራሉ። እማማ ነበር የምላቸው። የጭቃ ቤታቸው ከቁፋሯችን ጠርዝ ሁለት ሜትር ቢርቅ ነው። ኤክስካቫተሩ ሳይመጣ ቡና ጠሩኝ። ጤና አዳም ያለበት ቡና፤ ሽታው አሁንም ይመጣብኛል። «ልጄ፣ ቤቴን አንዴ እየው፣ ኋላ እንዳንቀያየም» አሉኝ። «እናያለን እማማ፣ አያስቡ» ብዬ በረካውን ጠጥቼ ወጣሁ።

አላየሁም። ወደ አራት ሜትር ወረድን። የሕንፃው ባለቤት ወጪ በዛ ስላለ የቁፋሮውን ጎን ምንም አልደገፍነውም፣ እኔም ዝም አልኩ። ሰኔ ገባ። የዚያ ሰፈር አፈር ጥቁር ጭቃ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። አንድ ሌሊት ሲዘንብ አድሮ የቁፋሮው ጎን ተናደ። ጠዋት እማማ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የወጣ ስንጥቅ፣ ትንሿ ጣቴ ገባችበት። በሩም አልዘጋ ብሏል።

ባለቤቱ «ድሮም የነበረ ነው» አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ወደኔ ዞረው «ከቁፋሮው በፊት ነበር ወይ?» አሉኝ። ቡናውን የጠጣሁት እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። ግን ግድግዳው ትዝ አላለኝም። «አላውቅም» አልኩ። እማማ ቀና ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም። ለልስን የምትበቃ ብር ተሰጥቷቸው ነገሩ አለቀ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ጎረቤትን መጉዳት ይከለክላል፣ ንዝረትንም ጭምር። ግን ጉዳቱን ያደረስከው አንተ መሆንህ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት ጎረቤት ቤት ግቡ። ስንጥቁን ማስመሪያ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱት፣ ጫፉ ላይ በእርሳስ ሰረዝና ቀን ጻፉ። በላዩ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፉበት፤ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ፎቶውን ለጎረቤትም ያኔውኑ ላኩ፣ የስንጥቆቹን ዝርዝርም ሁለታችሁ ፈርሙበት። የዘንድሮ ልጆች ማኪያቶ ሳይቀር ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ግድግዳ ሲሆን ግን ትሰንፋላችሁ። ያ ልጅ ግን ጠይቋል፤ እኔ በሱ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም።

ትናንት ፎቶዎቹን ላከልኝ፣ 46 ናቸው። «ከአልጋው ጀርባ ያለው የታለ?» አልኩት። ዛሬ ጠዋት ከጎረቤቱ ጋር አልጋውን ገፍተው ግድግዳውን ፎቶ አንስተዋል።