የአስተናጋጅ ውል ለምትጽፉ ልጆች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምግብ ቤት ሳይከፈት የሚውል ቀን ያለ አይመስለኝም፤ ውል ግን የሚታሰበው ጠብ ሲመጣ ነው። ሕግ ተምራችሁ ቢሮ ለከፈታችሁ ልጆች የአስተናጋጅ ውል ቀላል ሥራ ይመስላችኋል። የድሮ ውል ታወጣላችሁ፣ ስም ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። አላለቀም። የጥበቃ ሠራተኛው ገቢ ከአሠሪው ብቻ ነው፤ የአስተናጋጇ ግን ከአሠሪውም ከደንበኛውም ነው የሚመጣው።

ባለቤቱ የሚላችሁን አውቀዋለሁ። «ደመወዙን ዝቅ አርገህ ጻፈው፣ ጉርሻው ይበቃታል።» ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ይህን ማለት ይችላል፤ የእናንተንም ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው። ቢሆንም ልጅቷ ከመፈረሟ በፊት አስረዷት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይባልም፤ በእጇ የተሰጣት ጉርሻማ ጭራሽ። ስለዚህ እሷ 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡላት ጡረታ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያዋ፣ የሥራ ስንብቷ፣ ሁሉም የሚሰላው በዚያችው በትንሿ ደመወዝ ነው። ለገና ላሊበላ ላይ በጉርሻ ደህና ብር የያዘ ልጅ ክረምት ሲገባና እንግዳ ሲጠፋ ምን ይዞ ይቀራል? ደሴ ደግሞ ሁዳዴውም ረመዳኑም ገበያ የሚያቀዘቅዝባት ከተማ ናት።

ቀጥሎ ጉርሻው የማን እንደሆነ ጻፉ። ያገኘችው ለራሷ ነው ወይስ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከወጥ ቤቱና ከባሬስታው ጋር ይካፈላሉ? በየቀኑ ነው በየሳምንቱ? ሥራ አስኪያጁ ከሳጥኑ ድርሻ አለው? እኔ የለውም ብላችሁ ጻፉ ነው የምለው፤ አካፋዩም ተካፋዩም አንድ ሰው ከሆነ ጭቅጭቁ አያልቅም። አሁን ደግሞ ቴሌብር አለ። እንግዳው 480 ብር በልቶ በባለቤቱ ቁጥር 500 ይልካል፣ «መልሱ ያንቺ ነው» ብሎ ይወጣል። 20 ብሯ ያለችው ባለቤቱ ሒሳብ ውስጥ ነው። መቼ እንደምትደርሳት ካልተጻፈ ባለቤቱ ረስቶትም፣ አውቆም፣ እዚያው ትቀራለች።

በጣም የምትጠነቀቁበት ግን ቅጣቱ ነው። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ደንበኛ ሳይከፍል ሄደ፣ ከደመወዟ ይቆረጥ። በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ካልተፈቀደ ሠራተኛዋ በጽሑፍ ሳትስማማ መቁረጥ አይቻልም፤ ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ታዲያ የምትፈርምበት ውል ራሱ የጽሑፍ ስምምነት ነው! «የጎደለ ሁሉ ከሠራተኛው ይቆረጣል» የምትለዋን መስመር ከድሮ ውል ገልብጣችሁ ብትተዋት ልጅቷን አሳልፋችሁ ሰጣችኋት።

ሰዓቱን እንኳ ታውቁታላችሁ፣ በቀን 8 በሳምንት 48። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ለምትሠራው ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዟ በ1.75 ተባዝቶ እንደሚከፈላት ግን በግልጽ አስገቡት፣ እንግዳው መቼም በጊዜ አይነሳም።

ቅጂውን ለእሷም ስጧት። ያለ ጽሑፍ የተቀጠረች ከሆነችም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነጥቦች ጽፎ ፈርሞ ሊሰጣት ግዴታ አለበት፤ እሷ ለመጠየቅ ብታፍር እናንተ ጠይቁላት።